ሠልጣኝ ተኮር በሆነ ሥልጠና የአሠልጣኙ ድርሻ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የብየዳ አሠልጣኝ ነኝ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናው በሙያ ደረጃ፣ ማለትም ባለሙያው ሊሠራው የሚገባውን በሚዘረዝር መስፈርት ላይ እንዲመሠረት ጠይቋል፤ ሠልጣኝ ተኮር ሲሆን ደግሞ ሠልጣኙ ራሱ እየሠራ ይማራል፤ ይሁንና 25 ሠልጣኞች ሁለት ማሽን ሲጠባበቁ የእኔ ድርሻ ምን ሊሆን ይገባል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሠልጣኙ ራሱ ስለሠራ ድርሻዎ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ከብዷል። አንዱ ሲበይድ ሌላው የብየዳውን ስንጥቅና ቀዳዳ በመመዘኛው እንዲለይ ያድርጉ፤ እኔ ዳር ቆሜ ስመለከት አንዲት ሠልጣኝ ጓደኛዋን «እጅህ ስለፈጠነ ነው» ብላ ስታርመው፣ የእኔ የሳምንት ገለጻ ያላስተካከለው ስህተት ወዲያው ተስተካከለ።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ሠልጣኙ ከተቋሙ ወጥቶ በድርጅት ውስጥ በሚለማመድበት ወቅት፣ እሱን በየቀኑ የሚያየው የድርጅቱ ባለሙያ ስለሆነ፣ ሠልጣኙ የሠራው የሚመዘገብበትን የመከታተያ መዝገብ ከባለሙያው ጋር አብራችሁ ካልሞላችሁ ልጁ በሁለት አለቃ መካከል ግራ ይጋባል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። መዝገቡን ይዤ ሰኞ ወደ ድርጅቱ እሄዳለሁ።