ለመግቢያ ፕሮባቢሊቲ ኮርስ ቱቶር፣ ካልኩሌተርና ፎቶ ኮፒ ለምትፈልጉ የቂሊንጦና የቱሉ ዲምቱ ተማሪዎች የቀረበ ጥቆማ

በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች እየኖሩ የመግቢያ ፕሮባቢሊቲ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር የሚጠይቁት ያው ነው፤ የትኛው ቱቶር ይሻላል፣ የትኛው ካልኩሌተር ይገዛ፣ የቀድሞ ፈተናስ ከየትኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ይገኛል ይላሉ። በእኔ ግምት ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚያድለው ኮርስ አውትላይን (የትምህርቱን ይዘት፣ የነጥብ አከፋፈልና ደንብ ከያዘው ወረቀት) ነው። ነጥቡ የት እንደተቀመጠና ያመለጠ ፈተና ምን እንደሚሆን ሳያውቁ ለአስጠኚ መክፈል ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

የተለመደው አከፋፈል ተከታታይ ምዘና 50፣ ፋይናል ፈተና 50 ነው። ይሁን እንጂ ይህንኑ ክፍፍል የያዙ ሁለት ሴክሽኖች በሕጋቸው በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ለምሳሌ በሁለቱም ሴክሽኖች እያንዳንዳቸው ከ4 የሚታረሙ ስድስት ክዊዞች አሉ እንበል፤ በአንደኛው ያመለጠ ክዊዝ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል፣ በሌላው ደግሞ ከስድስቱ ዝቅተኛው ውጤት ተሰርዞ በቀሩት አምስቱ ይሰላል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ የሚማር ሰው በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት አንድ የጠዋት ክዊዝ የሚያመልጠው ይሁንታ (ፕሮባቢሊቲ) 0.1 ነው ብንል፣ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ የሚያመልጠው ይሁንታ ከ1 ላይ 0.9 ስድስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ሲቀነስ የሚገኘው 0.47 ገደማ ነው። ዝቅተኛው በሚሰረዝበት ሴክሽን ግን ተማሪው የሚጎዳው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲያመልጠው ብቻ ስለሆነ ይሁንታው ወደ 0.11 ይወርዳል። ማንም ቱቶር በአንድ ሴሚስተር ይህን ያህል ሊያተርፍላችሁ አይችልም። ስለዚህ ሬጅስትራሩ ኮርስ ለመጨመርና ለመቀነስ የሚሰጠው ጊዜ ሳያልፍ፣ ሴክሽን መቀየር የሚቻል ከሆነ፣ የሁለቱን መምህራን አውትላይን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንድታነቡ አጥብቄ እመክራለሁ። (ስሌቱ አንዱ ቀን ሌላውን አይነካም ከሚል ግምት መነሣቱን አትርሱ፤ ነዳጅ በጠፋበት ወይም ዝናብ በበረታበት ሳምንት መቅረት ተከታትሎ ስለሚመጣ አንድ ክዊዝ መሰረዙ የሚሰጠው ከለላ ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ትምህርቱን ስትጀምሩ ይህንኑ ጉዳይ ነጻ ኩነቶች በሚለው ርዕስ ታገኙታላችሁ።)

ቂሊንጦ በሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለሚኖር ተማሪ የመንገዱ ነገር ብዙም ስለማያሳስበው፣ እርሱ ይልቅ የሜክአፕ ፈተናን (ላመለጠ ፈተና ማካካሻ የሚሰጠውን) ደንብ ይመርምር፤ የሕክምና ማስረጃ በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበትና ሜክአፑ የሚሰጠው ለሚድ ብቻ ይሁን ለክዊዝም ጭምር አስቀድሞ ይጠይቅ።

የግሬዱንም አወሳሰን ተመልከቱ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን 50 የሞላ ሲ፣ 75 የሞላ ቢ ፕላስ ያገኛል፤ የኤ መነሻ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያልና የራሳችሁን ተቋም ሰንጠረዥ ተከተሉ። ከተከታታይ ምዘና 38 ይዞ ለፋይናል የሚቀርብ ተማሪ ቢ ፕላስ ለመድረስ ከ50 ላይ 37 ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሁሉንም ምዕራፍ እኩል ከሚሸፍን አስጠኚ ይልቅ በፋይናሉ ሰፊ ቦታ በሚይዙት በቀጣይ ተለዋዋጮች (እንደ ክብደትና ጊዜ ያለ ክፍተት የትኛውንም እሴት በሚይዙ መጠኖች) እና ደወል በሚመስለው በኖርማል ስርጭት ላይ ከሚያተኩር ሰው ጋር ቢሠራ ይጠቀማል።

ወደ አስጠኚዎቹ ስንመጣ፣ በእኛ አካባቢ ያለው ምርጫ በመሠረቱ ሁለት ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ በሰዓት የሚያስከፍል የግል ቱቶርና በኮንዶሚኒየም ምድር ቤቶች በቡድን የሚሰጥ ማጠናከሪያ። የግሉን የምመክረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው። የዚህ ኮርስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በአቆጣጠር ዘዴዎች (አንድ ነገር በስንት መንገድ እንደሚሆን በመቁጠር) እና በሁኔታዊ ይሁንታ (አንድ ነገር መሆኑ ሲታወቅ የሌላው ይሁንታ) ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ አንድ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ የሐሳባችሁን ስሕተት ካልተከታተለ በቀር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይስተካከሉም። ባይኖሚያልና ፖይሰን ከተባሉት ስርጭቶች በኋላ ያለው አብዛኛው ልምምድ ስለሆነ የቡድኑ ማጠናከሪያ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀላል።

ክፍያ ከመስማማታችሁ በፊት ቱቶሩን በአንድ ጥያቄ ፈትኑት። ከሕዝቡ 1 በመቶውን የያዘ በሽታ አለ፤ ምርመራው ከታመሙት 95 በመቶውን ያገኛል፣ ከጤነኞቹም 5 በመቶውን በስሕተት ታማሚ ይላል፤ ምርመራው አለብህ ያለው ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆን ይሁንታው ስንት ነው? ቶሎ ብሎ 95 በመቶ ያለ ሰው አይሆናችሁም። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚያገለግለውን የቤይስን ቀመር ጽፎ ትክክለኛውን መልስ የሚያወጣ መልካም ነው፤ ከእርሱ የሚሻለው ግን አሥር ሺህ ሰዎችን አስቦ ከ100 ታማሚዎች 95፣ ከ9,900 ጤነኞች ደግሞ 495 ታማሚ ተብለው እንደሚለዩ ካሳየ በኋላ 95ን ለ590 አካፍሎ 16 በመቶ ገደማ መሆኑን የሚያስረዳችሁ ነው። ለሁለተኛው ዓይነት ሰው ጥቂት ብር ጨምሮ መክፈል አያስቆጭም።

በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ «አሳይመንት እንሠራለን» ብለው የሚለጥፉትን ግን ተዉአቸው። የኩረጃ ቅጣቱን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ሒሳቡ አያዋጣም፤ አሳይመንት በአብዛኛው የሚይዘው ጥቂት ነጥብ ሲሆን፣ ያንን ጥያቄ ራሱ ያልሠራ ተማሪ በፋይናሉ ላይ ተመሳሳዩን ሲያገኝ የሚያጣው ከዚያ ይበልጣል።

ስለ ካልኩሌተር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፈታኞች ስልክ ስለማያስገቡ የስልክ አፕሊኬሽን አይረዳችሁም። ካሲዮ ኤፍኤክስ-82 ጥምረትንና (nCr) ቅደም ተከተልን (nPr) ስለሚያሰላ ለመግቢያ ኮርስ በቂ ነው፤ ኤፍኤክስ-991 ኢኤክስ የባይኖሚያል፣ የፖይሰንና የኖርማል ስርጭቶችን በቀጥታ ያሰላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ አንዳንድ መምህራን ይከለክሉታልና ሳትገዙ ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የ69ን ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 69 ያሉትን ቁጥሮች ብዜት) አስሉበት፤ 1.711 ሲባዛ በ10 የ98 ኃይል ሊያሳይ፣ በ70 ላይ ደግሞ ስሕተት ብሎ ሊቆም ይገባዋል።

በነጻ ለመማር ከፈለጋችሁ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎች መነሻውን በሚገባ ያስይዛሉ፤ ከዚያ ከፍ ላለ ደረጃ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ነጻ የኮርስ ገጽ ከነመልሳቸው የቀረቡ የልምምድ ጥያቄዎችና ያለፉ ፈተናዎች አሉት። የእኛ መምህራን ከሚያወጡት የከበዱ ስለሆኑ ከሚድ በፊት ባትጀምሯቸው ይሻላል። ጸጥ ያለ ቦታ ለሚፈልግ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከእኛ ሰፈር ሩቅ በመሆኑ ግን ሙሉ ቀን ካልተቀመጡበት የመንገዱን ድካም አይክስም።

የቀረው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የቀድሞ ፈተናዎችን የምትገዙ ከሆነ የአሁኑ መምህራችሁ ያወጣቸው መሆናቸውን አረጋግጡ፤ በሌላ መምህር የተዘጋጀ ምርጫ ጥያቄ ለጽሑፍ ፈተና አያዘጋጅም። ምርጫ ከሆነም ስሕተት ነጥብ ይቀንስ እንደሆነ ከአውትላይኑ እዩ፤ አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ እያንዳንዱ ስሕተት አንድ ሦስተኛ ነጥብ የሚቀንስ ከሆነ በጭፍን መገመት በአማካይ ዜሮ ያስገኛል፣ አንዱን አማራጭ በእርግጠኝነት መጣል ከቻላችሁ ግን አንድ ዘጠነኛ ነጥብ ያተርፋል። የኖርማል ስርጭት ሰንጠረዥም አብሮ ይሸጣል፤ እርሱን ስትገዙ 1.96 በሚለው ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። 0.9750 የሚል ከሆነ ከግራ ጫፍ ጀምሮ የሚደምር ነው፣ 0.4750 የሚል ከሆነ ደግሞ ከመካከል የሚጀምር ነው። ፈተናው ላይ የሚታደለው የትኛው እንደሆነ መምህሩን ጠይቃችሁ በዚያው ተለማመዱ፤ ኮፒው የደበዘዘ ከሆነም እዚያው መልሱት፣ 3ን ከ8 መለየት በማይቻልበት ሰንጠረዥ መለማመድ አይቻልም።