ለኦስካር ረዳት ተዋናይ ዘርፍ አምስተኛውን ዕጩ እንዴት ትገምታላችሁ?

የውቤ በረሃ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኛ አምስት ጓደኛሞች በየዓመቱ የኦስካር ዕጩዎች ከመታወቃቸው በፊት ባለው ቅዳሜ ፒያሳ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙም በማይርቅ አንድ ካፌ ተሰብስበን ግምታችንን በወረቀት እንጽፋለን። ወረቀቶቹን ገንዘብ ተቀባይዋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጥልናለች፤ የተሸነፈ ሰው የሁሉንም ማኪያቶና ኬክ ይከፍላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም የሚጥለኝ የረዳት ተዋናይ ዘርፍ ነው። በዋና ተዋናይ ዘርፍ ብዙ አልሳሳትም። በረዳቱ ግን ሦስቱን አግኝቼ ከሁለቱ ጋር ስታገል እቀራለሁ።

ስንፍና ነው እንዳትሉኝ፣ ፊልሞቹ እኛ ሲኒማ ቤቶች እስኪደርሱ ስለማልጠብቅ በፍላሽ አስጭኜ፣ ያውም የተራኪው ድምፅ ተዋናዩን እንዳይውጥብኝ በትርጉም ሳይሆን በራሳቸው ቋንቋ አያቸዋለሁ፤ ከዚያም በትወናው ያሳመኑኝን አምስት ሰዎች እጽፋለሁ። ስህተቴ የት ላይ ነው? ከኦስካር ቀድመው ከሚሰጡት ሽልማቶችስ የትኛውን ልመን?

ቀበና ማዶ፦

ወንድሜ፣ እርስዎ የሚመዝኑት ትወናውን ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን ወረቀቱን የሚሞላው ሰው ነውና መጀመሪያ እርሱን ማወቅ ይበጃል። በዕጩነት ደረጃ በትወና ዘርፎች ድምፅ የሚሰጡት ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ አባል የሆኑ ተዋንያን ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም እስከ አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። በአቆጣጠሩ ትልቁን ክብደት የሚይዘው በአንደኛ ደረጃ የተጻፈው ስም በመሆኑ፣ ሁሉም ሰው «ጥሩ ነው» ብሎ አራተኛና አምስተኛ ላይ የሚያስቀምጠው ተዋናይ፣ ጥቂቶች ከልባቸው ወደው አንደኛ ባደረጉት ተዋናይ ሊቀደም ይችላል። በመጨረሻው ዙር ግን የሁሉም ሙያ አባላት ይመርጣሉ፣ አንድ ስም ብቻ ይጽፋሉ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። ስለዚህ ዕጩን የሚገምቱበትና አሸናፊን የሚገምቱበት ዘዴ አንድ ሊሆን አይችልም።

ለብዙ ዓመታት ሳግ በመባል የታወቀው የአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር ሽልማት ሁላችንም የምንደገፍበት ምርኩዝ ነው፤ ይሁንና የእርሱን ዕጩዎች የሚለየው ከአባላቱ በዕጣ የሚወጣ ኮሚቴ ስለሆነ ምርኩዙ የሚሰበርበት ዓመት አለ። የ2021 ፊልሞች በተወዳደሩበት ዙር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሳግ አምስት ዕጩዎች ኦስካር ላይ የደረሱት ትሮይ ኮትሰርና ኮዲ ስሚት ማክፊ ብቻ ነበሩ። ቤን አፍሌክ፣ ጃሬድ ሌቶና ብራድሊ ኩፐር ወድቀው በምትካቸው ኪየራን ሃይንድስ፣ ጄሲ ፕሌመንስና ጄ ኬ ሲመንስ ገቡ። ከገቡት ሁለቱ፣ ሃይንድስና ፕሌመንስ፣ ፊልሞቻቸው ለምርጥ ፊልም የታጩ ነበሩ፤ ሁለቱም በእንግሊዙ የፊልም ሽልማት በባፍታ ታጭተው ነበር። የሲመንስ ፊልም ለምርጥ ፊልም ባይታጭም ሁለቱም መሪ ተዋንያኑ ታጭተዋል፤ ማለትም ተዋንያኑ ፊልሙን በእርግጥ አይተውታል።

ከዚህ የምወስደው፣ አምስተኛው ቦታ ሲያጠራጥርዎ ጠንካራ በሆነው ፊልም ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ሰው ይጻፉ። ከ1991 ፊልሞች በኋላ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል አንድ ፊልም በዚህ ዘርፍ ሁለት ዕጩ አላገኘም ነበር፤ ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ፊልሞች ግን ከ2018 በስተቀር በየዓመቱ ሆኗል። እኔም «ሁለት ከአንድ ፊልም አይሆንም» በሚለው በድሮው ሕግ ስንት ጊዜ ተሸንፌያለሁ።

የሰባ ደረጃ ሰው፦

በዕጩነቱ ከቀበና ማዶ ጋር እስማማለሁ። አሸናፊን በተመለከተ ግን የ2015ን ፊልሞች ዓመት ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ያን ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ከእንቅልፌ ተነሥቼ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየተሳልሁ፣ የሲልቬስተር ስታሎንን ንግግር ለመስማት ተቀምጬ ነበርና። ስታሎን ጎልደን ግሎብንና የሐያስያኑን ክሪቲክስ ቾይስ ወስዶ ነበር። ሳግን የወሰደው ኢድሪስ ኤልባ ጭራሽ ለኦስካር አልታጨም። ባፍታን ያገኘው ማርክ ራይላንስ ነበር፤ የተጠራውም እርሱ ሆነ። ቤት ውስጥ ብቻዬን «እንዴት ተደርጎ!» ብዬ ጮህሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ምልክቱ ከፊቴ ነበር። የስታሎን ፊልም ከእርሱ ሌላ አንድም ዕጩነት አልነበረውም፤ በሳግም ስሙ አልነበረም። የራይላንስ ፊልም ግን ለምርጥ ፊልም ታጭቶ ነበር።

ነገር ግን ይህን እንደ ሕግ እንዳትይዙት አደራ። ክሪስቶፈር ፕላመር በ2011 ፊልሞች ዙር በ82 ዓመቱ ሲያሸንፍ ለፊልሙ ያ ዕጩነት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነበር። ባፍታም ብቻውን አያድንም፦ ጎረቤታችን ሶማሊያ የተወለደው ባርካድ አብዲ በ2014 ባፍታን ቢወስድም ኦስካሩ የጃሬድ ሌቶ ሆኗል። አራቱም ቀዳሚ ሽልማቶች (ጎልደን ግሎብ፣ ክሪቲክስ ቾይስ፣ ሳግና ባፍታ) አንድ ሰው ላይ ሲያርፉ፣ በ2025 ለኪየራን ካልኪን እንደሆነው፣ ያኔ ማሰብ አያስፈልግም።

አራት ኪሎ፦

ካልኪን ከተነሣ፣ ማናችሁም ያላነሣችሁት ነገር የዘርፉ ድንበር ነው። ብዙ ተመልካች የካልኪንን ሚና የዋና ተዋናይ ሚና ነው ብሎ ተከራክሯል። የፊልሙ አዘጋጆች ለየትኛው ዘርፍ እንደሚቀሰቅሱ ይመርጣሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የድምፅ ሰጪው ነው። በ2021 በተካሄደው ሽልማት ላኪት ስታንፊልድ በዋና ተዋናይነት ሲቀሰቀስለት ቆይቶ ድምፅ ሰጪዎቹ ወደ ረዳት አወረዱት፤ ከፊልም አጋሩ ከዳንኤል ካሉያ ጋርም በአንድ ዘርፍ ተፎካከረ፣ ካሉያ አሸነፈ። ጥንትማ ባሪ ፊትዝጄራልድ በአንድ ሚና በሁለቱም ዘርፎች ታጭቶ በ1945 የረዳቱን ወስዷል፤ ከዚያ በኋላ ነው ደንቡ የተለወጠው።

የእኛ አጠራርም ሳያሳስተን አይቀርም። በአገራችን የጉማ ፊልም ሽልማት ላይም «ረዳት ተዋናይ» እንላለን፤ ቃሉ ትንሽ ሚና ያስመስለዋል፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በታክሲ የተመላለሰ ሰው ግን ረዳቱ ጉዞውን ሁሉ ሲመራ አይቷል። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው እንደዚያ ያለው ረዳት ነው። ስለዚህ ወረቀትዎን ሲሞሉ፣ ከዋና ተዋናይ ዘርፍ ተገፍቶ ሊወርድ የሚችል ሰው እንዳለ መጀመሪያ ይፈልጉ።

የውቤ በረሃ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካ የረዳቱን ዘርፍ ሁልጊዜ ከሁሉ በፊት እሞላው የነበረው ያለ አግባብ ነው። ዘንድሮ የምርጥ ፊልሙንና የዋና ተዋናዩን ዝርዝር አስቀድሜ፣ የረዳቱን ከሳግና ከባፍታ ዕጩዎች ጋር አስተያይቼ በመጨረሻ እጽፋለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል፦ አንድ ፊልም ሁለት ዕጩ ሲያገኝ በመጨረሻው ዙር ድምፁ አይከፈልባቸውም?

ቀበና ማዶ፦

ሊከፈል ይችላል፤ ካሉያ ግን ከስታንፊልድ ጋር ታጭቶ አሸንፏል፤ በ2017 ፊልሞች ዙር ሳም ሮክዌልም ከዉዲ ሃረልሰን ጋር ከአንድ ፊልም ታጭቶ ወስዷል። ሁለቱም ሳግን ቀድመው ይዘው ነበር። ሳግን ያልያዘ ከሆነ ማኪያቶዎን አያስይዙበት።