ክርክር፦ ቀላል ክብደት ከኦሊምፒክ የጀልባ ቀዘፋ መውጣቱ ተገቢ ነበርን?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከወንዶች የቡድን ጀልባ ቀዘፋ ታሪክ የተወሰደ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2023 ሙምባይ ላይ በተሰበሰበ ጊዜ በተደረሰበት ውሳኔ መሠረት፣ ከ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ የቀላል ክብደት ቀዘፋ በኦሊምፒክ አይኖርም። በምትኩ ተወዳዳሪው ከአሸዋው ላይ በሩጫ ተነሥቶ ጀልባው ውስጥ የሚገባበት፣ ቀዝፎ ከተመለሰም በኋላ እንደገና በሩጫ የሚጨርስበት የባሕር ዳርቻ ውድድር ይገባል። ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ በወንዶች ቀላል ክብደት የሚባለው አንድ ቀዛፊ ከ72.5 ኪሎ፣ የጀልባው ሰዎች አማካይ ደግሞ ከ70 ኪሎ የማይበልጥበት ዘርፍ ነው። በዓለም ሻምፒዮና በ1974 ተጀመረ፤ ወደ ኦሊምፒክ የገባው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። ባለ አራት ቀዛፊው ጀልባ ከ2016ቱ የሪዮ ጨዋታ በኋላ፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ ከ2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ በኋላ ተሰናበቱ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከርእሱ እንዳንወጣ አደራ እላለሁ።

የጣና ልጅ፦
ተገቢ አልነበረም ብዬ እጀምራለሁ፤ ማስረጃዬም የባለ ስምንት ቀዛፊው ጀልባ የአሸናፊዎች ዝርዝር ነው። ይህ ጀልባ የስፖርቱ ቁንጮ ሆኖ የሚታይ ነው። ከ1900 አንሥቶ እስከ 2024 ድረስ በዚህ ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰዱት አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመን፣ ካናዳ፣ ኒውዚላንድና ሆላንድ ብቻ ናቸው፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመንን እንደ አንድ ከቆጠርናቸው ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ስድስት አገሮች ማለት ነው። አሜሪካ ብቻዋን ከ1920 እስከ 1956 በስምንት ተከታታይ ጨዋታዎች አሸንፋለች። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከደቡብ አሜሪካ አንድም ስም በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። በዚያ ጀልባ ላይ የሚቀመጡት ወንዶች አብዛኞቹ ቁመታቸው ከ1.90 ሜትር፣ ክብደታቸው ከ90 ኪሎ የሚያልፍ ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለ ቁመና ያላቸውን ስምንት ወጣቶች ባንድ ዘመን አግኝቶ፣ ሥራቸውን አስትቶ፣ ለዓመታት ውኃ ላይ ማዋል ለብዙው ዓለም የሚታሰብ አይደለም።

አሁን ወደ 2012 ለንደን እንሂድ። በቀላል ክብደት ባለ አራት ቀዛፊ የፍጻሜ ውድድር የደቡብ አፍሪካው ጀልባ በመጨረሻው ርቀት ከኋላ መጥቶ ብሪታንያንና ዴንማርክን ቀደማቸው። ከ2000 ሜትር ቀዘፋ በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ጀልባ ላይ ሲዝዌ ንድሎቩ የተባለ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ነበረ። የክብደት ገደቡ ባይኖር ኖሮ ይህ ሰው ከየትኛው ጀልባ ላይ ይቀመጥ ነበር? ውሳኔውን የሚደግፉ ሰዎች ይህንን ጥያቄ እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ።

ታዛቢ፦
ወንድሜ የጣና ልጅ ያቀረበው የለንደን ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን የራሱን መስፈሪያ ወስደን ቀላል ክብደቱን ብንለካበት ውጤቱ ለእሱ የሚመች አይደለም። በወንዶች ቀላል ክብደት ከ1996 እስከ 2024 ድረስ አሥራ አራት የኦሊምፒክ ወርቆች ተሰጥተዋል። ባለ አራቱን ጀልባ ዴንማርክ ሦስት ጊዜ፣ ፈረንሳይ፣ ደቡብ አፍሪካና ስዊዘርላንድ አንዳንድ ጊዜ አሸንፈውበታል። በባለ ሁለቱ ፖላንድና አየርላንድ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ስዊዘርላንድ፣ ብሪታንያ፣ ዴንማርክና ፈረንሳይ አንዳንድ ጊዜ አሸንፈዋል። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ ወደ አውሮፓ ሄደዋል ማለት ነው። ለትንንሽ ሰዎች አገር ተብሎ የተከፈተው በር ያስገባው በብዛት ዴንማርካውያንንና ፖላንዳውያንን ነው፤ እነርሱም በቁመት አጭር ሕዝቦች ናቸው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የማየው እንቅፋት ክብደት ሳይሆን ገንዘብ ነው። የብሪታንያ ወንዶች ያለ መሪ፣ ማለትም ጀልባውን የሚያቀና ሰው ሳይኖር፣ በሚቀዘፈው ባለ አራት ጀልባ ከ2000 እስከ 2016 ድረስ በአምስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ያሸነፉት፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብሔራዊ ሎተሪው ገንዘብ ወደ ስፖርቱ በመፍሰሱ ቀዛፊው ሌላ ሥራ ሳያስፈልገው ሙሉ ቀኑን መሠልጠን ስለቻለ ጭምር ነው። ባለ ስምንቱ ጀልባ ርዝመቱ ከ17 ሜትር ያልፋል፤ የሚጫንበትን መኪና፣ የሚቀመጥበትን ቤትና የሚያሠለጥነውን ባለሙያ ወጪ ጨምሩበት። በተጨማሪም ኮሚቴው የክብደት ምድብ ከፍልሚያ ስፖርቶችና ከክብደት ማንሳት ውጭ ሊኖር አይገባም የሚል አቋም ነበረው። ከቅርጫት ኳስ ሜዳ አጭር ሰው ሲቀር አጭሮች ብቻ የሚጫወቱበት ምድብ ይከፈትልን ያለ የለም።

መምህርት፦
ፊዚክስ ስለማስተምር ወደ ቁጥሩ ልመልሳችሁ። ባለ ሁለት ቀዛፊው ጀልባ በሁለቱም ምድብ ስላለ ለማወዳደር ይመቻል። ክብደት በማይገደብበት ምድብ የክሮኤሽያዎቹ የሲንኮቪች ወንድማማቾች በ2014 አምስተርዳም ላይ 5 ደቂቃ ከ59.72 ሰከንድ ገብተዋል። በቀላል ክብደት ደግሞ አየርላንዳውያኑ ፊንታን ማካርቲና ፖል ኦዶኖቫን በ2021 ቶኪዮ ላይ 6 ደቂቃ ከ5.33 ሰከንድ ገብተዋል። ልዩነቱ ስድስት ሰከንድ አይሞላም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፣ ከባዱ ሰው ጉልበቱ ቢበዛም ጀልባውን ወደ ታች አስጥሞ ውኃው የሚታከከውን የጀልባ አካል ስለሚያሰፋው፣ ከጉልበቱ ከፊሉን ለራሱ ክብደት ይከፍላል።

ይህን ያልኩት ታዛቢን ለመደገፍ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ስድስት ሰከንድ በወሬ ትንሽ ቢመስልም በውኃ ላይ ሠላሳ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሦስት የጀልባ ርዝመት ይሆናል። የጣና ልጅ እንደነገረን ሜዳልያ የሚለየው በግማሽ ሰከንድ ከሆነ፣ ሦስት ጀልባ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ፍጻሜውንም አያይም። የቅርጫት ኳሱን ንጽጽር ግን አልተቀበልኩትም፤ እዚያ ቅልጥፍናና ብልሃት የቁመትን ጉድለት ሊያካክሱ ይችላሉ፣ ቀጥ ባለ ውኃ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በሚደጋግምበት ስፖርት ግን ማካካሻው እጅግ ጠባብ ነው።

ቀዛፊው ከአምስተርዳም፦
ስለ ሚዛኑ የተናገረ ስለሌለ እኔ ልናገር። ያደግሁት ሆላንድ ነው፤ በተማሪነቴ ሦስት ዓመት በቀላል ክብደት ቀዝፌአለሁ። ሚዛን ላይ የምንወጣው ከውድድሩ በፊት ከሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ቦስባን በተባለው የአምስተርዳም የውድድር ውኃ ዳር፣ ባንድ የግንቦት ማለዳ የነበረውን እነግራችኋለሁ። ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አንድ ስኒ የማይሞላ ውኃ ነበር የጠጣሁት። ሦስት ሹራብ ደርቤ፣ ከላይ የፕላስቲክ ካፖርት ለብሼ፣ በመለማመጃው የቀዘፋ ማሽን ላይ አርባ ደቂቃ ስቀዝፍ ላቡ ከክርኔ ይንጠባጠብ ነበር። ከፊቴ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሦስት መቶ ግራም ተርፎት ስለነበር ማስቲካ እያኘከ ምራቁን በጠርሙስ ውስጥ ይተፋ ነበር፤ ያንን ጠርሙስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሚዛኑ አለፈን። ከዚያ ዳቦ በማርማላታ፣ ውኃ በጨው፣ እንደገና ዳቦ። ያ ጓደኛዬ ጀልባው ጋ ሳይደርስ ሁሉንም አስመለሰው፤ ከዚያም ቀዘፈ።

ስለዚህ ምድቡ ሲቀር ከልቤ ካዘኑት ውስጥ ብሆንም፣ የሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ ደርቆ 2000 ሜትር እንዲቀዝፍ የሚያደርግ ደንብ ምንም ጉዳት የለውም ልል አልችልም። ደንቡ ትንንሽ ሰዎችን ይጠብቃል ተባለ፤ በተግባር ግን ከሚዛኑ የሚያተርፉት 78 ኪሎ ሆነው ወደ 72 የሚወርዱት ናቸው። ታዛቢ ስለ ዴንማርካውያኑ ያነሣው ነገር መልሱ በከፊል እዚህ ያለ ይመስለኛል።

የታሪክ ወዳጅ፦
ከተከራካሪዎቹ ጋር የምለያየው ይህ ስፖርት በሩን የዘጋው ዛሬ እንደሆነ አድርገው ስለሚናገሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ታላቅ ክብር በሚሰጠው የሄንሊ ውድድር ደንብ በእጁ ሥራ የሚተዳደር ሰው አማተር ተብሎ አይቆጠርም ነበር። በ1920 የፊላዴልፊያው ግንበኛ ጆን ኬሊ ለመመዝገብ ሲጠይቅ፣ በአንድ በኩል በዚህ ደንብ፣ በሌላ በኩል ክለቡ ላይ በነበረ እገዳ ምክንያት ተከለከለ። በዚያው ዓመት አንትወርፕ ላይ በነጠላውም ከአጎቱ ልጅ ጋር በባለ ሁለቱም ጀልባ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በ1936 ወደ በርሊን ይጓዝ የነበረው የአውስትራሊያ ባለ ስምንት ጀልባ ደግሞ ቀዛፊዎቹ ፖሊሶች በመሆናቸው ከሄንሊ ተመለሰ፤ ነገሩ አሳፋሪ ስለሆነ በማግሥቱ ዓመት ደንቡ ተሻረ።

ስለ በርሊን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ርእሳችን ልመለስ። በዚያው የኦሊምፒክ የባለ ስምንት ፍጻሜ አሜሪካውያኑ 6 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ ገብተው ያሸነፉት የሊቮርኖን ልጆች የያዘውን የኢጣሊያ ጀልባ በ0.6 ሰከንድ ብቻ ቀድመው ነው፤ የሦስተኛዋ የጀርመን ጀልባም ከኢጣሊያ 0.4 ሰከንድ ብቻ ነበር የራቀችው። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ወር ከሳምንት ሆኖት ነበርና፣ ያቺን የስድስት ዐሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ባነበብኩ ቁጥር ለምን ደስ እንደሚለኝ አንባቢ ይገባዋል።

ወደ ነጥቤ ስመለስ፦ በፊት የሰውን መደብ አይቶ የሚያግድ የተጻፈ ደንብ ነበረ፣ የተጻፈ ስለሆነም ሰው ተቃውሞት ሊሻር ቻለ። የክብደት ምድቡ ሲነሣ ግን ማንንም ከልክያለሁ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል፣ የሚገባበት ግን ያው የፊቱ ሰው ነው።

ታዛቢ፦
የታሪክ ወዳጅ በሚያምር አነጋገር ያለፉት ነገር አለ። አዲሱ የባሕር ዳርቻ ውድድር ረጅም ቀጥተኛ ውኃ አይጠይቅም፤ ጀልባዎቹን የሚያቀርበው አዘጋጁ ስለሆነ ድሃ አገር ጀልባውን ጭኖ ውቅያኖስ አያቋርጥም። ከአሸዋው የሚነሣው ሰው 250 ሜትር ያህል በምልክቶች መካከል እየተጠማዘዘ ቀዝፎ ዞሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ መምህርት ጠባብ ነው ያሉት ማካካሻ እዚህ ሰፊ ነው፣ ሯጭና ቀልጣፋ ሰው ከግዙፉ ጋር ሊወዳደር ይችላል።

የጣና ልጅ፦
ርእሳችን የወንዶች ቡድን ቀዘፋ እንደሆነ ልብ እንበል። ለሎስ አንጀለስ የጸደቁት የባሕር ዳርቻ ውድድሮች ሦስት ናቸው፦ የወንድ ነጠላ፣ የሴት ነጠላ፣ ወንድና ሴት የሚቀዝፉበት ባለ ሁለት። የወንዶች የቡድን ጀልባ ከመካከላቸው የለም። በ1992 ባርሴሎና ላይ ወንዶች በሰባት ዓይነት የቡድን ጀልባ ይወዳደሩ ነበር። በ2028 የሚቀሩት አምስት ናቸው፣ አምስቱም ክብደት የማይገደብባቸው ናቸው። ከቀነሱት ውስጥ ከፊሉ ለሴቶች እኩል ቁጥር ለመስጠት የተደረገ ስለሆነ አልቃወመውም፤ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። የቀረው ግን ባለ 70 ኪሎ ሰዎች ተደራጅተው የሚቀዝፉበት አንድም ጀልባ ሳያስቀር ነው የተነሣው። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ዳርቻ ስንከራከር ማየቱም ትንሽ ያስቃል፤ ጣና ላይ ግን ታንኳ የሚቀዝፉት ቀጫጭን ሰዎች እንደሆኑ ሁላችንም አይተናል።

መምህርት፦
ለቀዛፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሚዛኑ እንዲያ ጎድቶዎት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ክብደት የማይገደብበት ምድብ ብቻ ቢኖር ኖሮ ቀዘፋውን ይጀምሩት ነበር?

ቀዛፊው ከአምስተርዳም፦
መምህርት፣ መልሱ አጭር ነው። ክለቡ በር ላይ በመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቁመቴ 1.74፣ ክብደቴ 71 ኪሎ። የሚመዘግበው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «መሪ ልትሆን ነው የመጣኸው?» አለኝ። መሪ ማለት መቅዘፊያ ሳይይዝ ጀልባውን የሚያቀና፣ ሌሎቹን በድምፅ የሚያዝ ሰው ነው። እንዲያውም ለመሪነትም ከባድ ነበርኩ። ከጎኑ የቆመው ሌላው ልጅ የቀላል ክብደቱን መመዝገቢያ ወረቀት አወጣ፤ እኔም ፈረምኩ።