የዱባ ፍሬ፣ ሰሊጥና ተልባ የቀኑን ፕሮቲን ሊሸፍኑ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ ማኅሌት
ሰላም ለሁላችሁ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል መመገብ ካቆምሁ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ክብደቴ 60 ኪሎ ግራም ነው። የሚያስፈልገኝን ፕሮቲን በአብዛኛው ከዱባ ፍሬ፣ ከሰሊጥና ከተልባ ለማግኘት አስቤአለሁ። ይበቃኛል ወይስ የሚጎድለኝ ነገር ይኖራል? ተልባውን የምበላው ሳልፈጨው ነው።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ተማሪ
የዓለም ጤና ድርጅት ለጤናማ አዋቂ ያስቀመጠው መጠን በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.83 ግራም ስለሆነ፣ የእርስዎ የቀን ድርሻ 50 ግራም ያህል ይሆናል። 100 ግራም የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 30 ግራም ገደማ፣ ሰሊጥና ተልባ ደግሞ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ይህ ብዙ ነው፤ ሆኖም ከክብደታቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ቅባት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። 50 ግራሙን ከሰሊጥ ብቻ ለመሙላት ቢያስቡ በቀን 280 ግራም ያህል መብላት ይኖርብዎታል፤ ይህ ደግሞ ወደ 1,600 ኪሎ ካሎሪ ስለሚጠጋ ለሌላ ምግብ የሚተርፍ ቦታ እምብዛም አይኖርም።

መልስ፦ ዳዊት
ከመጠኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የፕሮቲኑ ጥራት ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አንዱ ላይሲን ሲሆን፣ ለአዋቂ በአንድ ግራም ፕሮቲን ውስጥ 45 ሚሊ ግራም ያህል እንዲገኝ ይፈለጋል፤ የሰሊጥ ፕሮቲን ግን 32 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። በአንጻሩ ሰሊጥ ሜታዮኒን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ደግሞ በተቃራኒው ላይሲን ተርፏቸው ሜታዮኒን ያንሳቸዋል። ስለዚህ የቀኑን ፕሮቲን በዋናነት ከጥራጥሬ አግኝተው የዱባውን ፍሬና ሰሊጡን ማሟያ ቢያደርጓቸው የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። የግድ በአንድ ማዕድ መቅረብ አያስፈልጋቸውም፤ በዚያው ቀን ውስጥ መበላታቸው በቂ ነው።

መልስ፦ ሰላማዊት
በዳዊት ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፍሬዎቹን አሳንሰን እንዳናይ እሰጋለሁ። 30 ግራም የዱባ ፍሬ ዘጠኝ ግራም ያህል ፕሮቲን ከመስጠቱም በላይ ማግኒዥየምና ዚንክ በብዛት አለው። ይሁን እንጂ በፍሬው ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ዚንኩንና ብረቱን አስሮ ሰውነት በሙሉ እንዳይወስዳቸው ያደርጋል፤ ፍሬውን ማብቀል ይህን ይቀንሰዋል።

ተልባውን ግን እባክዎ ይፍጩት። ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ያልተፈጨውና በደንብ ያልታኘከው ፍሬ አብዛኛው ሳይፈጭ ከሰውነት ይወጣል። ሲበሉትም በቂ ውኃ ይጠጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቫይታሚን ቢ12 በእነዚህ ፍሬዎች ውስጥ አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ሊይዝ ስለሚችል፣ እስካሁን ጤነኛ ሆኖ መሰማትዎ ጉድለት እንደሌለብዎ አያረጋግጥም። ከሐኪም ጋር ተማክረው ተጨማሪ ቫይታሚን መውሰድ ይኖርብዎታል።

ማኅሌት
ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለ ቢ12 ፈጽሞ አላሰብሁም ነበር። ተልባውን የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ፈጭቼ ባስቀምጠው ይበላሽብኛል?

ሰላማዊት
ተልባው ከተፈጨ በኋላ ቅባቱ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። በደንብ በሚከደን ዕቃ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጡት ለሳምንት ይቆያል፤ የሚመር ጣዕም ካመጣ ግን ይጣሉት።