ጥቆማ፦ ለሰሞኑ የሐረር ብርድ ሂተር ይሻላል ወይስ ወፍራም ብርድ ልብስ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬ ነው። አሁን ሥራ ወደ ሐረር አዛውሮኛል። ቀን ፀሐዩ ደህና ነው፤ ሌሊት ግን ብርዱ አላስተኛ አለኝ። የተከራየሁት ቤት ከጀጎል ግንብ ውጪ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ የለውም። ለጥምቀት እናቴ ትመጣለች። እሷ ደግሞ ብርድ ፈጽሞ አይሆናትም። ሂተር ልግዛ ወይስ ወፍራም ብርድ ልብስ? እዚሁ ልግዛ ወይስ ድሬ ስወርድ ታይዋን ገበያን ልይ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ሳቢያን፦
ብርድ ልብስ ከሆነ ታይዋን ነው አቦ። ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋም ትከራከራለህ። ግን በላስቲኩ ላይ ያለውን ፎቶ አይተህ እንዳትገዛ። አስከፍተው። ድርብ መሆኑን ጠርዙን ይዘህ አረጋግጥ፣ ወደ ብርሃን አንሳውና እየው። ብርሃን ካሳለፈ ብርድም ያሳልፋል። ፀጉሩን ሳብ ስታደርገው እጅህ ላይ ከቀረም ተወው።

ሸዋ በር፦
ለምን ድሬ ድረስ? ሸዋ በር ከአባቴ ጀምሮ የምንገዛበት ሱቅ አለ። ሌላ ቦታ ሄጄ አላውቅም። ሰውየው እቃ ያውቃል።

ሳቢያን፦
ያንኑ ብርድ ልብስ እኮ ታይዋን በቅናሽ ታገኘዋለህ።

ሸዋ በር፦
ይወደድ። ሰውየው አያታልልም።

ቀላድ አምባ፦
ሂተር እንዳትገዛ ወንድሜ! እኔ አምና ገዝቼ ነድጄ ነበር። ሁለት ዘንግ ያለው፣ ቀይ ሆኖ የሚግል ነው። ማታ ለኩሰን ልጆቹን አስተኛን። ትንሽ ቆይቶ የላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ብድግ ብዬ ሳየው ዲቫይደሩ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ችግሩ የመብራቱ ነው» አለኝ። ዋስትና ብሎ የጻፈልኝን ወረቀት ሳሳየው ጭራሽ ሳቀ። ልጆቼ ተኝተው ነበር እኮ! እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ጀጎል፦
የት ነው የገዛኸው? ስሙን ተናገር፣ ሌላው ይጠንቀቅ።

ቀላድ አምባ፦
ስም አልጠራም። ሰፈር ለሰፈር እንተዋወቃለን።

መጋላ፦
እኔም ከአንድ ሱቅ ካውያ ገዝቼ እንዲሁ ሆኛለሁ። ፍሪጅስ? ፍሪጁን ተዉት። የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ እንደዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ቀላድ አምባ፣ እንኳን ልጆቹ ተረፉልህ። ሻጩ ያደረገው ልክ አይደለም። ግን የቀለጠው ሂተሩ ሳይሆን ዲቫይደሩ ይመስለኛል። 2000 ዋት የሚል ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ርካሹ ዲቫይደር ውስጥ ያለው ገመድ ቀጭን ነው፣ ያንን ለሰዓታት አይሸከምም። ሂተር ግድግዳው ላይ ባለ ሶኬት ብቻ ይሰካ። የሶኬቱ መስመር በወፍራሙ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የተዘረጋ መሆኑን አስፈትሹ። ብዙ የኪራይ ቤት ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ሶኬት ቀጥሎ ይሰጣል፣ እሱ አደጋ ነው። ሌላው ቆጣሪው ነው። 2000 ዋት በየማታው 5 ሰዓት ከበራ በወር 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ፍጆታ ሲጨምር የታሪፉ እርከንም ከፍ ይላል።

ሸገር፦
ለሐረር ብርድ ሂተር? ደብረ ብርሃን ያሉ ሰዎች ይህን እንዳያነቡ ደብቁት!

ጀጎል፦
አንተ ደግሞ! ሰውየው ከድሬ ነው የመጣው። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር 1900 ገደማ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ስትጨርስ ብቻ አራት አምስት ዲግሪ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በጋ ነው፣ ሰማዩ ደመና የለውም። ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ይሄዳል። ጀጎል ውስጥ ያለ የድሮ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ግን ሜዳ ላይ እንደማደር ነው።

ሐረማያ፦
እናንተስ ቤት አላችሁ። የእኛን ጫት ሰሞኑን ውርጭ መታው። ቀምበጡ ጠቁሮ ነው ያደረው። ገበሬውን ማን ይጠይቀው?

መጋላ፦
ለዚህ ነዋ ዋጋው የጨመረው! ትናንት ስጠይቅ ደንግጬ ተመለስኩ።

ኤረር በር፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? ከሰል በደንብ አቀጣጥሉ፣ ጭሱ ውጪ ይለቅ፣ ፍም ሲሆን ወደ ቤት አስገቡትና በሩን ዝጉ። እኛ ያደግነው በዚህ ነው።

ነርሷ፦
ኤረር በር፣ በፈጠረህ ይህን ምክር አትስጥ። ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አይጠፋም። ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የተኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይሰማውም፣ እንደተኛ ይቀራል። ፍሙ ላይ ጨው መበተን ወይም አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ ምንም አያደርግም። ቡና ከፈላ በኋላም ምድጃው ደጅ ይደር። እንዲህ የሆነ ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር አውጡትና ጤና ተቋም አድርሱት። እባካችሁ ይህን ለቤተሰብ ንገሩ።

ኤረር በር፦
እሺ እህቴ፣ በመስኮት በኩል ትንሽ ክፍተት ከተተወስ?

ነርሷ፦
ለሚተኛ ሰው አይበቃም። አይግባ።

ለእናትህ ደግሞ፣ የከዚራ ልጅ፣ ከአንድ ወፍራም ልብስ ደራርቦ መልበስ ይሻላል። ካልሲና የራስ መሸፈኛ ሳይለብሱ እንዳይተኙ። ፋርማሲ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አለ። የፈላ ውሃ አትጨምርበት፣ በጨርቅ ጠቅልለህ እግራቸው ሥር አድርገው። ስኳር ካለባቸው ግን እግራቸው ሙቀቱን ላይሰማው ይችላል፣ ሳያውቁት ያቃጥላቸዋል። ከመተኛታቸው በፊት አልጋውን አሙቅበትና አውጣው።

ሸዋ በር፦
ካልሲም ያ ሱቅ አለ።

የከዚራ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ፣ ስኳር አለባት፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ። አሁን ሳስበው ዋናው ችግር ጣሪያው ነው መሰለኝ። ኮርኒስ የሚሠራ ሰው ታውቃላችሁ? አከራዬ ወጪውን አልጋራም ብለዋል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ርካሹ መንገድ አቡጀዲ ወይም ንጹህ ማዳበሪያ ሰፍቶ በእንጨት ፍሬም መወጠር ነው። ማኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወርደህ ልኩን ለሰፊዎቹ ስጣቸው፣ ቁጭ ብለህ እየጠበቅክ ይሰፉልሃል። ጣሪያውና ግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት ግን ቀድመህ ድፈን፣ ንፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። አምፖሉ ጨርቁን እንዳይነካ፣ ሽቦም በላዩ እንዳይጋደም።

ሳቢያን፦
ታዲያ ብርድ ልብሱስ? ቅዳሜ ታይዋን ነኝ፣ ከፈለግክ አብረን እንይ።

ቀላድ አምባ፦
ያ የሂተሩ ሻጭ ግን አሁንም እዚያው ነው። ትናንት አልፌ አየሁት፣ ያንኑ ዓይነት ሂተር በር ላይ ደርድሯል።

ጀጎል፦
ስሙን ተናገር አልንህ እኮ።

ኤረር በር፦
እሺ ከሰሉ ቀረ። እናትየው ሲመጡ ማታ ማታ ሆጃ አፍላላቸው። የቡና ገለባውን በደንብ አንተክትከህ ወተት ጨምርበት፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርግ።

መጋላ፦
ጨው? እኛ ቤት በስኳር ነው የሚጠጣው።

ነርሷ፦
ለእሳቸው ስኳሩ ይቅር።