ዑደቱ 100 ሺህ ዓመት ነው ወይስ 405 ሺህ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ተገትሬያለሁ። የድሮ ሐይቅ ደለል ነው፤ ነጣ ያለና ጠቆር ያለ ንብርብር ይፈራረቃል። ዕድሜውን በምድር ምህዋር ዑደቶች ልቆጥር ነበር (ምህዋሩና ዘንጉ በየጊዜው ሲለዋወጡ የአየር ንብረቱም፣ ደለሉም አብሮ ይለዋወጣል)።

ኮምፒውተር ላይ ስፈትሸው ሁለት ዑደት ጎልቶ ወጣ፦ አንዱ 2 ሜትር፣ ሌላው 45 ሳንቲሜትር ገደማ። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። 100 ሺሁም 405 ሺሁም የምህዋሩ ቅርጽ የሚለዋወጥባቸው ዑደቶች ናቸው። ትልቁን 100 ሺህ ዓመት ካልኩት ትንሹ የ23 ሺህ ዓመቱ ፕሪሴሽን (የምድር ዘንግ እንደ እንዝርት ቀስ ብሎ መዞር) ይሆናል፣ ደለሉም በሺህ ዓመት 2 ሳንቲሜትር ተከማችቷል ማለት ነው፤ ትልቁን 405 ሺህ ካልኩት ደግሞ ትንሹ ወደ 100 ሺህ ይጠጋል፣ ክምችቱም ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ያስኬዳሉ! ዕድሜው ግን በአራት እጥፍ ይለያያል። የ41 ሺህ ዓመቱ የዘንግ ዝንባሌ ዑደት ቢታይ ይገላግለኝ ነበር፣ ግን የለም (ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይመስለኛል)።

የትንሹ ጉልበት ከትልቁ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል ወይ ብዬም አየሁ። ይላል። ግን ፕሪሴሽን በ100 ሺሁ እንደሚጎላና እንደሚደበዝዝ ሁሉ 100 ሺሁም በ405 ሺሁ ያው ነው፣ ስለዚህ ምንም አልፈየደልኝም። በአርጎን (በራዲዮአክቲቭ መበስበስ) ዕድሜው የተለካ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ፣ ግን አንድ ብቻ፣ ያውም አናቱ ላይ። አማካሪዬ "ሁለተኛ አመድ ፈልግ" ይሉኛል፤ ቢገኝስ የላብራቶሪው ብር ከየት ይመጣል?

ያለ ሁለተኛ አመድ መለየት ይቻላል? ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሆነውን የምድር ማግኔት መገልበጥ ንብርብሩ ውስጥ ብፈልገውስ፣ ያዋጣል? የሞከረ ካለ ይጻፍልኝ፣ ዳታውን እልካለሁ። ፒያሳ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ቡና በኔ።