ሶፍትዌር ሬይድ ላለው ሰርቨር ማን ይጠራ፣ ምን ዓይነት ዲስክ ይገዛ?

ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ከ12 ወደ 13 ካሳደጉ በኋላ «ኤምዲ0» ይባል የነበረው ሬይድ (ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው አደረጃጀት) «ኤምዲ127» ሆኖ ላገኙት፣ ወይም ማሽናቸው የሩት ፓርቲሽኑን (ሥርዓቱ የተጫነበትን የዲስክ ክፍል) አጥቶ አልነሣ ላላቸው የአዲስ አበባ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ዲስኩን የጠፋ መረጃ ወደሚመልስ ዳታ ሪከቨሪ ቤት መውሰድ ነው። እኔ እነዚህን ቤቶች የማስቀምጣቸው በመጨረሻው ተራ ላይ ነው፤ ዋና ሙያቸው የተጎዳ ዲስክ ሲሆን፣ ከአፕግሬድ በኋላ የሚያጋጥመው ችግር ግን በአብዛኛው የማዋቀሪያ ነው። የኤምዲአድም (ሬይዱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ማዋቀሪያ ፋይል የሬይዱን መለያ በትክክል ካልያዘ፣ ወይም ፋይሉ ታርሞ ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሣ ዲስኮቹን ለማግኘት የሚጠቀምበት ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት) እንደ አዲስ ካልተዘጋጀ፣ ሬይዱ ከ127 ወደ ታች በሚቆጠር ስም ይነሣል፤ መረጃው ግን በቦታው አለ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠራው የሊኑክስ ባለሙያ ነው። ሥራውን ሳይሰጡት በፊት ከምን እንደሚጀምር ይጠይቁት። «ኤምዲስታትን (የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል) አንብቤ፣ የእያንዳንዱን ዲስክ ሱፐርብሎክ (የሬይዱ መለያ መረጃ የተጻፈበትን ቦታ) መርምሬ» ካለ ሙያውን ያውቃል። «ሬይዱን እንደ አዲስ እፈጥረዋለሁ» ካለ ግን አመስግነው ይሸኙት፤ በአሮጌው 0.90 የሱፐርብሎክ ቅርጽ የተሠራ ሬይድ በዛሬው ነባሪ 1.2 ቅርጽ በላዩ ላይ ሲፈጠር የመረጃው መነሻ ቦታ ስለሚለወጥ፣ ቀላል የነበረው ጉዳይ ያን ጊዜ በእርግጥ የሪከቨሪ ቤት ጉዳይ ይሆናል። ግራብ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) በሬይዱ ዲስኮች ሁሉ ላይ እንዲጫንም በውሉ ውስጥ ያስገቡ።

ኤምዲስታት አንዱ ዲስክ መውጣቱን ካሳየ ምትክ መግዛት ግድ ነው። በመርካቶም ሆነ በቦሌ በቀላሉ የሚገኙት ርካሽ የዴስክቶፕ ዲስኮች፣ ለምሳሌ ባለ 2 እና ባለ 4 ቴራባይት የሲጌት ባራኩዳዎች፣ ብዙዎቹ ትራኮችን (የመረጃ መስመሮችን) በሚያነባብረውና ብዙ ሲጻፍበት በሚዘገየው ኤስኤምአር ዘዴ የሚጽፉ ስለሆኑ ለሬይድ አልመክራቸውም። ዌስተርን ዲጂታልም በ2020 ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ አንዳንድ የሬድ ዲስኮቹ በዚሁ ዘዴ እንደሚሠሩ አምኗል። ዋጋቸው ቢወደድም የዌስተርን ዲጂታል ሬድ ፕላስ ወይም የሲጌት አይረንዎልፍ ይሻላሉ፤ ሁለቱም ትራኮችን በማያነባብረው ሲኤምአር ዘዴ የሚጽፉ ናቸው። ከዚህም በላይ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥማቸው በሰከንዶች ውስጥ ስሕተቱን ስለሚያሳውቁ፣ በነባሪ 30 ሰከንድ ብቻ የሚታገሠው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ዲስኩን ከሬይዱ አያስወጣውም።

መብራት በአፕግሬዱ መሐል እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አስፈላጊ ነው። ያገለገለ ዲስክ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ የሥራ ሰዓቱንና የተተኩ ሴክተሮቹን (ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎቹን) በስማርትሲቲኤል (የዲስክን ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም) አስከፍተው ይዩ፤ ይህን ለማሳየት የሚያንገራግር ነጋዴ ዋጋ ቢቀንስልዎም አይግዙት።